ከጉቶ የበቀለው ደን

መንገደኛ ሰው ተራራ ባየ ጊዜ ዐይኑን የሚያነሣው ወደ ጫፉ ነው፤ ወደ እግሩ የሚመለከተው ጥቂቱ ነው። ነገር ግን ተራራ ለሕዝብ የሚበጀውም የሚከፋውም በእግሩ በኩል ነው። ምንጭ የሚፈልቀው በዚያ ነው፤ ጎርፍም የሚያርፈው በዚያ ነው። በተራራ ሥር የሚኖር ገበሬ ከላይ ዛፍ መኖሩንና አለመኖሩን ማንም ሳይነግረው ያውቀዋል፤ ወሬው በየክረምቱ እደጁ ድረስ ይመጣለታልና።

ውድ አንባቢያን፤ በዚህ ጽሑፍ ልናስጐበኛችሁ ያሰብነው እንደዚህ ያለውን አንድ ተራራ ነው። ስፍራው በወላይታ ምድር የሚገኘው ሁምቦ ነው። ተራራው በአንድ ዘመን ደን የለበሰ፥ በኋላም የተራቈተ፥ ከዚያም ከገዛ ጉቶው አቈጥቍጦ እንደ ገና የለበሰ ነው። ልብሱን መልሶ ሲለብስም ሁለት ሥራ በአንድ ጊዜ ሠርቶአል። ከታች ለሚኖረው ሕዝብ የድርቅና የጎርፍ መከታ ሆኖአል፤ ደግሞም ዓለምን የሚያሞቀውን የተቃጠለ አየር ከነፋሱ እየሳበ በግንዱና በሥሩ አከማችቶአል። ዛሬ ስለ አየር ጠባይ መለወጥ የሚመክሩ ሊቃውንት እነዚህን ሁለት ሥራዎች እንዴት እናጣምራቸው እያሉ ብዙ ይደክማሉ። እኛም ጥምረቱ በመሬት ላይ ምን እንደሚመስል ለማየት ጓዛችንን ሸክፈን ተነሣን።

ከአዲስ አበባ ወጥተን በዓለም ገና በኩል ወደ ደቡብ አቀናን። አዋሽን መልካ ቁንጥሬ ላይ ተሻግረን፥ ከአለት የተፈለፈለችው አዳዲ ማርያም የምትገኝበትን አቅጣጫ ወደ ጐን ትተን፥ የጥንት ሰዎች ትክል ድንጋዮች የቆሙባትን ጢያን አለፍን። ከቡታጅራ በኋላ ወራቤና ሆሳዕና ተከተሉ፤ ከዚያም በአረካ በኩል ወደ ሶዶ ገባን። በዚህ መንገድ የሄደ ሰው የእርሻው መልክ ቀስ በቀስ ሲለወጥ ያያል። የጤፉና የስንዴው ሜዳ እያነሰ ይሄድና በየቤቱ ጓሮ ሰፊ ቅጠሉን የዘረጋ እንሰት ይቆማል። እንሰትም ዝናብ ቢያጥር ቶሎ እጁን የማይሰጥ፥ ለክፉ ቀን የሚቀመጥ የቤት ጎተራ ነው። ሕዝቡ ብዙ፥ መሬቱ ግን ጠባብ በመሆኑ፥ አንድ ቤተሰብ የሚያርሰው ማሳ ለእንግዳ ዐይን የአትክልት ቦታ ይመስላል።

ሶዶ በዳሞት ተራራ ሥር የተቀመጠች ከተማ ናት። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል በተቋቋመ ጊዜም ዋና ከተማው ሆናለች። በዚያ አድረን በማግሥቱ የአርባ ምንጭን መንገድ ያዝን። መንገዱ ከደጋው እየወረደ ሲሄድ ሙቀቱ ይጨምራል፤ የእንሰቱ ጥላ ይቀንስና በቆሎው ይበዛል። በስተ ምሥራቅ የአባያ ሐይቅ ይታያል። ውኃው እንደ ሌሎቹ ሐይቆች ሰማያዊ አይደለም፤ ቀላ ያለ ቡናማ ነው። ይህን መልክ የሚሰጠው በውስጡ የሚንሳፈፈው ደቃቅ አፈር ነው። ከዙሪያው ተራራና ማሳ ጎርፍ ጠርጎ የሚወስደው አፈር መጨረሻው እንዲህ ባለ ሐይቅ ነውና፥ የሁምቦን ነገር ገና ከተራራው ሳንደርስ ውኃው መናገር ጀመረልን።

የአገሩ ሰዎች እንደሚተርኩት ተራራው ቀድሞ በደን የተሸፈነ ነበር። ከዚያ በኋላ የሆነው በብዙ የአገራችን ክፍል የሆነው ነው። ሕዝቡ በዛ፤ እርሻው ወደ ተዳፋቱ ወጣ፤ ከብቱ በየቀኑ ተሰማራ፤ ማገዶና ከሰል ለቤትም ለገበያም ተቈረጠ። ዛፉን የቈረጠውን ሰው በስንፍና ወይም በክፋት መውቀስ ቀላል ነው፤ ግን ትክክል አይደለም። እህሉ ያለቀበት አባወራ ከሰል አክስሎ ይሸጣል፤ ልጆቿን የምታበላው ያጣች እናት እንጨት ተሸክማ ገበያ ትወጣለች። ዛፉ ለእነርሱ የመጨረሻው ገንዘባቸው ነበር። ገንዘቡ ባለቀ ጊዜ ግን ተራራው ብድሩን በጎርፍና በናዳ ከፈለ። የላይኛው አፈር ተጠርጎ ሄደ፤ ዝናቡ ወደ ምድር መስረግ ትቶ በላይዋ መሮጥ ጀመረ፤ ምንጮቹም መንምነው ቀሩ። በ1977 ዓ.ም. በአገራችን ላይ የወረደው ረኃብም ለዚህ አካባቢ አልራራም።

እንግዲህ የተራቈተን ተራራ ለማልበስ ብዙዎቻችን የምናውቀው መንገድ አንድ ነው፤ ይኸውም ችግኝ ማፍላትና መትከል ነው። በሁምቦ የተመረጠው ግን ሌላ ነበር። አንድ አረጋዊ ተዳፋቱ ላይ ይዘውን ወጡና ከአንድ ግራር ሥር ጎንበስ ብለው ሣሩን በእጃቸው ገለጡልን። ከሣሩ በታች የቆየ የመጥረቢያ ምልክት ያለበት ጉቶ ነበረ፤ ከጉቶውም ጐን አሁን ለአቅመ ዛፍ የደረሱ ሁለት ግንዶች ቆመዋል። ዛፉ ተቈርጦ ነበር እንጂ አልሞተም ነበር። ከመሬት በታች ሥሩ ሕያው ሆኖ በየዓመቱ ያቈጠቍጥ ነበር፤ ቡቃያውን ግን በየዓመቱ ፍየል ይበላው፥ ሰውም ለማገዶ ይመለምለው ስለ ነበር ከቍጥቋጦ አላልፍ ብሎ ኖረ።

ይህን ነገር አስተውለው ሥራ ካደረጉት ሰዎች አንዱ አውስትራልያዊው የእርሻ ባለሙያ ቶኒ ሪናውዶ ናቸው። በ1975 ዓ.ም. ገደማ በኒጀር አገር ችግኝ እየተከሉ፥ ችግኙም እየደረቀባቸው ተስፋ ሊቈርጡ ደርሰው ሳለ፥ አንድ ቀን በአሸዋ ላይ ለመንዳት የመኪናቸውን ጎማ ሊያስተነፍሱ በመንገድ ዳር ቆሙ። በዚያም ቍጥቋጦ የመሰላቸውን ተክል ቀርበው ቢያዩት ከተቈረጠ ዛፍ ጉቶ የሚያቈጠቍጥ ሆኖ አገኙት። ከዚያ ወዲህ ገበሬዎቹ ቡቃያውን እየጠበቁ በኒጀር 5 ሚሊዮን ሄክታር ያህል መሬት ዛፍ እንደ ለበሰ ይነገራል። ሪናውዶም ስለዚህ ሥራ በ2011 ዓ.ም. በስዊድን አገር የሚሰጠውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀብለዋል። ልምዱ ወደ ሁምቦ የመጣው እርሳቸው በሚሠሩበት በወርልድ ቪዥን በኩል ነው። በእኛ ቤት መጽሐፍ የሚያነብ ሁሉ ግን ጻድቁ ኢዮብ ስለ ተቈረጠ ዛፍ ተስፋ የተናገረውን ያስታውሳልና፥ ነገሩ ለጆሮአችን ከቶ እንግዳ አይሆንም።

የሥራው አካሄድ ቀላል ነው። ከአንድ ጉቶ ብዙ ቡቃያ ይወጣል። ከነዚህ መካከል ጠንካሮቹ ጥቂቶች ይመረጣሉ፤ ሌሎቹ ይቈረጣሉ፤ የተመረጡትም የጐን ቅርንጫፋቸው እየተመለመለ ቀጥ ብለው እንዲያድጉ ይደረጋል። ሥሩ አስቀድሞ በጥልቅ የተተከለ ስለ ሆነ፥ ከችግኝ ይልቅ ፈጥኖ ያድጋል፤ ድርቁንም ይችላል። የሚበቅሉትም ዛፎች የአገሩን አፈር የለመዱት ግራር፥ አባሎ፥ ክትክታና ሌሎችም ናቸው። በሁምቦ ከለማው መሬት ከመቶ ዘጠና እጅ የሚበልጠው በዚህ ዓይነት የለማ ነው፤ ችግኝ የተተከለው ጉቶ በጠፋበት ቦታ ብቻ ነው።

ሥራው ቀላል ቢሆንም ስምምነቱ ቀላል አልነበረም። በ1999 ዓ.ም. ሥራው ሲጀመር 2,728 ሄክታር መሬት ከልቅ ግጦሽና ከመጥረቢያ ተከለለ። መሬቱንም የሚጠብቁና የሚጠቀሙበት የአካባቢው ገበሬዎች በ7 የኅብረት ሥራ ማኅበራት ተደራጁ፤ መተዳደሪያ ደንብ አወጡ፤ ጠባቂም አቆሙ። ከሁሉ የሚበልጠው ግን መንግሥት በደኑ የመጠቀም መብታቸውን የሚያረጋግጥ ሰነድ የሰጣቸው መሆኑ ነው። ነገ ሌላ ሰው መጥቶ የሚወስድበትን ዛፍ ዛሬ የሚጠብቅ ሰው የለምና፥ ያ ወረቀት ከብዙ ሺህ ችግኝ የበለጠ ሥራ ሠርቶአል ማለት ይቻላል።

ፍሬው የታየው ዛፉ ገና ዛፍ ሳይባል ነው። መጀመሪያ የመጣው ሣር ነው። ከብቱ እንዳይገባ በተከለከለበት ተዳፋት ሣሩ በበቀለ ጊዜ፥ ሴቶቹና ወንዶቹ እያጨዱ ወደ ቤት ይወስዱ ጀመር፤ በበጋም ላምና በሬ ባዶ ሜዳ ከመዞር ዳኑ። ቀጥሎም ደረቅ ቅርንጫፍና በምልመላ የሚወድቀው እንጨት ለማገዶ ተረፈ። የጎርፉም ኃይል ቀነሰ፤ ቅጠል ዝናቡን ይቀበለዋል፥ ሣር ያዘገየዋል፥ ሥር ደግሞ ወደ ምድር ያስገባዋልና። ምንጮቹ በበጋ እንደ ቀድሞው ፈጥነው እንደማይነጥፉ የአገሩ ሰዎች ይመሰክራሉ። ይህ ሁሉ የዝናቡ ጊዜ እየተዛባ፥ ድርቁና ጎርፉ እየተፈራረቀ ባለበት ዘመን ለገበሬው ከጋሻ ይቈጠራል። ሊቃውንቱ ይህን መላመድ ይሉታል።

ሁለተኛው ሥራ በዐይን አይታይም። ቅጠል አየር በሳበ ጊዜ፥ ከከሰልና ከነዳጅ መቃጠል የሚወጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተባለውን አየር ይወስዳል፤ ካርቦኑንም ለእንጨት ሥራ ያስቀረዋል። የደረቀ እንጨት ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ካርቦን ነው። እንግዲህ የሁምቦ ዛፍ በወፈረ መጠን በሰማይ ላይ የሚከማቸው የሙቀት ብርድ ልብስ በዚያው መጠን ይሳሳል ማለት ነው። ሊቃውንቱ ይህን ቅነሳ ይሉታል። የሁምቦ ደን በ30 ዓመት ውስጥ 880 ሺህ ቶን ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንደሚያስቀር ተገምቶአል፤ ይህም በአማካይ በዓመት ከ29 ሺህ ቶን ይበልጣል። ከዚህ ውስጥ 165 ሺህ ቶን የሚሆነውን የዓለም ባንክ ባዮካርቦን ፈንድ በተባለው ክፍሉ በኩል ሊገዛ ተዋዋለ። በ2002 ዓ.ም. ሥራው በኪዮቶ ስምምነት ሥርዓት ተመዘገበ፤ በአፍሪካ እንዲህ ከተመዘገቡት ታላላቅ የደን ሥራዎችም የመጀመሪያው ነው። በ2003 ዓ.ም. ደግሞ የግንዱ ውፍረት ተለክቶ፥ ሒሳቡም ተመርምሮ፥ የመጀመሪያው 73 ሺህ ቶን ያህል ተመሰከረለት። ማኅበራቱም ከተገኘው ገንዘብ የእህል ወፍጮና የእህል መጋዘን ሠርተዋል።

አንባቢ ሆይ፥ ሁለቱ ሥራዎች ለምን ተለያይተው እንደ ኖሩ ብትጠይቀን ምክንያቱ ይህ ነው። ቤት በተቃጠለ ጊዜ አንዱ እሳቱን ለማጥፋት ይሮጣል፤ ሌላው ሕፃናቱን ለማውጣት ይሮጣል። ቅነሳ እሳቱን ማጥፋት ነው፤ መላመድ ሕፃናቱን ማውጣት ነው። የቅነሳ ጥቅም ለዓለም ሁሉ ይበተናል፤ በሁምቦ የተያዘው ቶን ለፓሪስም ለቶክዮም እኩል ይጠቅማል። የመላመድ ጥቅም ግን በዚያው መንደር ይቀራል። ስለዚህ ገንዘባቸውም፥ መሥሪያ ቤታቸውም፥ ሊቃውንታቸውም ለየብቻ ሆነው ኖሩ። አገራችን ግን በ2004 ዓ.ም. ባወጀችው ለአየር ንብረት ለውጥ የማይበገር አረንጓዴ ኢኮኖሚ በተባለው እቅድ ሁለቱን በስሙ ውስጥ እንኳ አጣምራቸዋለች። የማይበገር ማለት መላመድ ነው፤ አረንጓዴ ማለት ቅነሳ ነው። በ2008 ዓ.ም. በፓሪስ የተደረገውም ስምምነት በደን ጉዳይ ሁለቱ አብረው እንዲሄዱ የሚያበረታታ ቃል አለበት።

ለድኻ አገር ደግሞ ጥምረቱ የውዴታ ብቻ አይደለም። በዚያው እቅድ ሒሳብ መሠረት በ2002 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ያወጣችው 150 ሚሊዮን ቶን ነበር፤ በነፍስ ወከፍ ሲካፈል ከ2 ቶን ያንሳል። ከዚህም ከመቶ 85 እጅ የሚበልጠው ከእርሻና ከደን መመናመን የመጣ ነው። ሰማይን ያሞቀው ሌላው ሆኖ ሳለ፥ የሁምቦን ገበሬ ለሰማይ ስትል መጥረቢያህን አስቀምጥ ብንለው ፍርድ ይጓደላል። ለምንጭህ፥ ለሣርህ፥ ለማሳህ ስትል አስቀምጥ ብንለው ግን ይሰማናል። ሰማዩም ከዚያው ድርሻውን ያገኛል። የጥምረቱ ምሥጢር ይህ ነው፤ በቅርብ ያለው ጥቅም በሩቅ ያለውን ይጠብቀዋል።

ቢሆንም ሁምቦን ያለ ጥላ ብቻ ሥለን ብናሳይ አንባቢን ማታለል ይሆናል። መሬቱ በተከለለ ጊዜ መጀመሪያ የተጐዳው ከሌላው ይልቅ የደኸየው ነው። ከከሰልና ከእንጨት በቀር መተዳደሪያ ያልነበረው ሰው፥ ሣሩ እስኪያድግ ምን ይብላ? ጫካው ሲመለስ ዝንጀሮና ከርከሮም ይመለሳሉና በደኑ ጠርዝ የሚያርስ ሰው ለሁሉ ጥቅም ሲባል የበቆሎውን ኪሳራ ብቻውን ሊሸከም ነውን? ገንዘቡም ቢሆን እንደ ወሬው አይደለም። ባንኩ የተዋዋለው 165 ሺህ ቶን ከተገመተው 880 ሺህ ቶን አምስተኛውን እጅ እንኳ አይሞላም። ደን ሊቃጠል፥ ሊቈረጥም ይችላል በሚል ምክንያት፥ በኪዮቶ ሥርዓት ለደን የሚሰጠው የካርቦን ምስክር ወረቀት ጊዜያዊ ስለ ነበር ዋጋውም ያንሳል። ስለዚህ ደኑን የሚያቆመው የካርቦኑ ሽያጭ ነው ብሎ የሚያምን ሰው ይሳሳታል። ሽያጩ ወፍጮ አቁሞአል፤ ደኑን ያቆሙት ግን ሣሩ፥ ምንጩና የመጠቀም መብቱ ናቸው።

ሁለቱ ሥራዎች ካልተጠነቀቁላቸው እርስ በርሳቸው ሊጣሉ ይችላሉ። በምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን የገባውና አዲስ አበባን ከማገዶ ችግር ያዳናት ባሕር ዛፍ ለዚህ ምሳሌ ይሆነናል። ባሕር ዛፍ ፈጥኖ ስለሚያድግ ብዙ ካርቦን ይይዛል፤ ነገር ግን ውኃ በብዛት የሚጠጣ ዛፍ ነውና ከምንጭ አጠገብ ቢተከል ምንጩን ሊያደርቅ ይችላል። የሰማዩ ሒሳብ ሲሞላ የመንደሩ እንስራ ባዶ ይቀራል ማለት ነው። እንደዚሁም ድርቅን ለመቋቋም በናፍጣ ሞተር ውኃ የሚስብ ገበሬ ማሳውን ሲያድን ጭሱን ይጨምራል። ስለዚህ ማንኛውም ሥራ ሲታሰብ ሁለቱም ጥያቄዎች በአንድነት መጠየቅ ይገባቸዋል፤ ለሰማዩ ምን ይሠራል? ለመንደሩስ ምን ይሠራል?

በቅርብ ያለ ጥቅም ደንን እንደሚጠብቅ የሚያሳይ ሌላ ምስክር ከሁምቦ ርቆ በሰሜኑ የአገራችን ክፍል አለ። የደቡብ ጎንደርን ገጠር ያየ ሰው በተራቈተው ሜዳ መካከል እዚህም እዚያም ክብ ክብ ደን ቆሞ ያገኛል፤ በየደኑም ውስጥ ቤተ ክርስቲያን አለ። ይህን ደን ለዘመናት ያቆየው የካርቦን ገበያ ሳይሆን የሕዝቡ ፍርሀተ እግዚአብሔር ነው። ሆኖም ከብት እየገባ ቡቃያውን ሲረግጠው ደኑ ከጠርዙ መሳሳቱ አልቀረም። ይህን ያጠኑት ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ካህናቱና ምእመናኑ የድንጋይ ካብ እንዲሠሩ አበረታተዋል። ድንጋዩ ከማሳ የሚለቀም ነው፤ ስለዚህ ገበሬው ካቡን ሲሠራ ማሳው ለእርሻ ይቀናለታል፤ ካቡም ከብቱን ከደኑ ያግዳል። በሁምቦ ደንብና ሰነድ የሠሩትን በዚያ ክብርና ካብ ሠርተውታል።

የሁምቦን አሠራር በሁሉ ስፍራ እንዳለ መገልበጥ አይቻልም። ሥሩ ተነቅሎ ባለቀበት ተራራ ጉቶ የለም፤ እዚያ ችግኝ ግድ ነው። በየክረምቱ በብዙ ድካም ችግኝ ለሚተከልባት አገራችን ግን ይህ ተራራ አንድ ጥያቄ ያቀርባል። ለአዲስ ችግኝ ጉድጓድ ከመቈፈራችን በፊት በምድሩ ውስጥ ሕያው ሥር አለመኖሩን አይተናልን? በገጠር ያለ ቤተሰብ በማሳው ዳርቻ የሚያቈጠቍጠውን ጉቶ እንደ አረም ነቅሎ ከመጣሉ በፊት አንድ ሁለቱን ቡቃያ መርጦ ቢተው፥ በጥቂት ዓመት ውስጥ ጥላ፥ ማገዶና የከብት መኖ ያገኝበታል። በከተማ ያለን ደግሞ የምናነድደው ከሰል የየትኛው ተራራ ልብስ እንደ ነበረ ማሰብ አይከፋም።

የሁምቦ ቃል ኪዳን የ30 ዓመት ነው። ዘመኑ ሲፈጸም 2029 ዓ.ም. ይሆናል። በተጀመረበት ዓመት የተወለደ ሕፃን ያን ጊዜ 30 ዓመት ሞልቶት፥ ምናልባትም የልጆች አባት ወይም እናት ሆኖ ይገኛል። ውል የፈረሙት ሽማግሌዎች ያን ጊዜ ብዙዎቹ በሕይወት አይኖሩም። ደኑን መቈረጥ ወይም መጠበቅ የዚያ ሰው ፋንታ ነው። እርሱም መጥረቢያውን ይዞ በወጣ ጊዜ የሚያስቆመው በሩቅ አገር የተጻፈ ውል ሳይሆን፥ ከተራራው እግር የምትቀዳ ውኃ በቤቱ እንስራ ውስጥ መኖርዋ ይሆናል።